የዋሻው ሁለተኛ አፍ

ልጅ እያለሁ ተራራ ውስጡ ባዶ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ተራራ ማለት ለእኔ ከደጃችን ቆሜ በስተምሥራቅ የማየው ጉና ነው፤ ጠዋት ጉም ተከናንቦ የሚያረፍድ፣ በክረምት በረዶ ሲጥልበት ነጭ ሻሽ ያሰረ የሚመስል፣ ከላይ እስከ ታች ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ። የደብረ ታቦርን ብርድ የሚልክብን እሱ ነው ብለን እናምን ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሮጥ ከአፋችን የሚወጣውን እንፋሎት እያየን፣ እንደ ትልልቅ ሰዎች ሲጋራ የምናጨስ እየመሰልን እንሳሳቅ ነበር።

ቤታችን ከገበያው ጀርባ፣ ቀይ አፈር ያለው ቁልቁለት ላይ ነበር። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ይርጋን የምታሳድገን እናቴ ስንዱ ነበረች፤ ጨውና በርበሬ እየቸረቸረች። በግቢያችን ጥግ ያለችውን አንዲት ክፍል ደግሞ መምህር አስናቀ ተከራይተው ይኖሩባት ነበር። ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ገና ሚስት ያላገቡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ይርጋን ክፍል ውስጥ ያስተምሩታል፤ እኔን ግቢ ውስጥ።

የግቢው ትምህርት የሚጀምረው ዝናብ ሲያባራ ነው። ከጣራው ቆርቆሮ ጠብታው ገና ሳይቆም፣ የረጠበ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አየሩን ሞልቶት ሳለ፣ መምህር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ይወጡና «ኑ፣ ምድርን ላሳያችሁ» ይሉናል። ጎርፉ በቀዩ አፈር ላይ የቦረቦራትን ቀጭን ቦይ በእንጨት እያመለከቱ፣ ውሃ ለስላሳውን በልቶ ጠንካራውን እንዴት እንደሚተው፣ ሸለቆ እንዴት እንደሚወለድ፣ ተሸክሞት የመጣውን ደለል ሜዳ ሲያገኝ እንዴት እንደሚዘረግፈው ያሳዩን ነበር። «ትልቁም ምድር የተሠራው እንዲሁ ነው» ይሉናል፤ «እሱ ረጅም ጊዜ ነበረው፤ ይቺ ግን የዛሬ ከሰዓት በኋላ ናት።» እኔና ይርጋ እጃችንን ጭቃ ውስጥ ነክረን ተራራ እንከምራለን፤ ውሃ አፍስሰን እናፈርሰዋለን። እናቴ ከደጃፉ ላይ ቆማ «ኧረ መምህር፣ ልጆቹን ከጭቃ ጋር አዛመዷቸው እኮ!» ትላለች፤ ግን እየሳቀች ነበር።

ይርጋ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ እግሩ ከቁመቱ ቀድሞ ያደገ። ያገኘውን ዜማ ሁሉ ያፏጫል። ጥቁር ኮንጎ ጫማ ነበረው፤ የግራው ማሰሪያ ሲበጠስበት ቢላዋ በእሳት አግሎ ራሱ አጣበቀው። የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞልቶት እናቴ ስትቆጣው፣ ጫማውን እያገላበጠ «ከአዲስ ይሻላል» ያላት ትዝ ይለኛል። ማሰሪያው ላይ እንደ ጠባሳ ያለ እብጠት ቀርቶበት ነበር።

ጊዜው የደርግ ዘመን ማብቂያ ነበር። ጢሙ ያቆጠቆጠ ሁሉ ለውትድርና ይፈለጋል። አፈሳ መጣ ሲባል የይርጋ ጓደኞች የትምህርት ቤቱን አጥር ዘለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ማታ ስማቸው እየተጠራ የቀረው ማን እንደሆነ ይታወቃል። እናቴ ገበያ ላይ ሆና የወታደር መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር የጨው መስፈሪያውን ጥላ ወደ ቤት ትሮጥ ነበር። በመጨረሻ ጦርነቱ ራሱ ወደ እኛ ቀረበ። ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ሰው ዕቃውን በጀርባውና በአህያ እየጫነ ከተማዋን መልቀቅ ሲጀምር እኛም በሶና ጨው ይዘን ተነሣን። መምህር አስናቀ የሚሄዱበት ዘመድ ስላልነበራቸው እናቴ «ከእኛ ጋር ይምጡ፤ የእኔ ወንድም ለእርስዎም ወንድም ነው» አለቻቸው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ተገኘ ከጉና ሥር ገብስና ድንች እያረሱ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ከቤታቸው በላይ፣ ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ግድግዳ ከቆመበት ቦታ፣ አንድ ዋሻ ነበር። አገሬው «እፍ ዋሻ» ይለዋል፤ እፍ ስለሚል። አውሮፕላን ያየውን ጭስ ሁሉ ይደበድባል ስለተባለ፣ የመንደሩ ሰው ቀን ቀን ከብቱንና ልጁን ይዞ እዚያ ይውል ነበር።

ያን ትንፋሽ እስካሁን ፊቴ ላይ አውቀዋለሁ። የዋሻው አፍ ሦስት አራት ጎጆ ያስጠልላል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ይጠባል፤ ከዚያ ጨለማ ነው። ከጨለማው ውስጥ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ያለው ቀዝቃዛ አየር ያለ ማቋረጥ ይመጣል። ክብሪት ያጠፋል። ጆሮ ለሰጠው ደግሞ ከጥልቁ የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ በሌላ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰዎች በሹክሹክታ የሚያወሩ ይመስል። ሴቶቹ ወደ ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው አይቀመጡም ነበር። እኔም ከእናቴ እቅፍ ሆኜ ዓይኔን ከጨለማው ላይ ማንሳት አልችልም።

መምህር አስናቀ ፍርሃታችንን ያዩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ልጆቹን ሁሉ ሰብስበው ትንሽ ጭድ አጨሱ። ጭሱ ሳይወላውል ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ተነዳ። «አያችሁ? አሁን ፀሐይ ነው፤ ውጭው ሞቋል። የዋሻው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና በዚህ ይወጣል።» በማግስቱ ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ውጭው አመዳይ ለብሶ ሳለ፣ እንደገና ጭድ አጨሱ። ጭሱ አሁን ወደ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ጮኽን። ተራራው አየር ያስወጣል፤ ያስገባል።

«ጋኔን አይደለም» አሉ መምህር። «የወጣውን የሚተካ አየር ከሌላ ቦታ ካልገባ እንዲህ አይነፍስም። ስለዚህ ይኼ ዋሻ ሌላ አፍ አለው።»

«የት ነው ያኛው አፍ?» አለ ይርጋ።

«ከላይ፣ ከወዲያ በኩል መሆን አለበት።»

ከዚያ በኋላ አልፈራሁም። ጨለማው መንገድ ሆነ፤ ጫፉ ላይ ብርሃን ያለው። ይርጋ አየሩ እያፏጨ ሲመጣ እሱም በፉጨት ይመልስለታል፤ እኛ እንስቃለን። ስለዚያ ዋሻ የማስታውሰው ደስታ ይኼ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አያ ተገኘ ከታች እየሮጡ መጡ። «ወታደር! ወታደር መጣ! ወንድ ልጅ ያላችሁ አሽሹ!» የመንደሩ ጎረምሶች ከዋሻው ወጥተው ወደ ላይ፣ ወደ ጉና ሮጡ። ይርጋም ተከትሏቸው ነበር። ግን ወታደሮቹ ከላይም እየወረዱ ነበርና የፊተኞቹ እጃቸው ውስጥ ወደቁ። ይርጋ ይህን ሲያይ ተመልሶ ዋሻው ውስጥ ገባ። ደረቱ ይነሳል፤ ይወድቃል። እናቴን አላያትም። መምህርን ነበር ያያቸው።

«መምህር፣ ሌላ አፍ አለው ብለዋል አይደል?»

መምህር አስናቀ አንድ ቃል ነው የተናገሩት። «አለው» አሉ።

እናቴ የእጅ ባትሪዋን ሰጠችው፤ በሶውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ጫፉን ቀድዳ አስያዘችው። «ሩቅ አትሂድ። መውጫው ከጠፋህ ቁጭ ብለህ ጠብቀን፤ እንጠራሃለን» አለችው። እኔን ጉንጬን ቆነጠጠኝ። ባትሪው ጥቂት ሲወዛወዝ ታየኝ፤ ከዚያ አለቱ ሸፈነው። ሲሄድ ፉጨቱን ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ብሎ ይመስለኛል።

ወታደሮቹ ሲደርሱ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አቧራ የለበሱ፣ የተራቡ፣ ገሚሶቹ ከይርጋ ብዙም የማይበልጡ ነበሩ። መምህርን መታወቂያቸውን አይተው መምህር መሆናቸውን ሲያውቁ ተዉዋቸው። ያልጠበቅነው ነገር ግን ሆነ። አለቃቸው ዋሻውን ዞር ዞር ብሎ አየና «እዚህ እንሰፍራለን፤ ሕዝቡ ይውጣ» አለ።

ወጣን። እናቴ በየቀኑ ትመለስ ነበር። አንድ ቀን «ድስቴን ረስቻለሁ» ብላ፣ አንድ ቀን ድንች ቀቅላላቸው ይዛ። ከአፉ አያሳልፏትም። ልጄ ውስጥ ነው ብላ እንዳትናገር ይወስዱታል፤ ዝም እንዳትል ውስጥ ነው። አያ ተገኘ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ዋሻውን ስታይ ትውላለች። መምህር ከእሷ አጠገብ ይቀመጡና «ይኼን ጊዜ ወጥቷል፤ በወዲያ በኩል ወጥቶ ሰው ቤት ይሆናል» ይሏታል። መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው የክፍል ውስጥ ድምፅ ነበር። እያደር ግን እሳቸው ራሳቸውን የሚያባብሉ መሰለኝ።

ከሳምንት በላይ ሆኗቸው አንድ ጠዋት ወታደሮቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። እናቴ እስኪርቁ እንኳ አልጠበቀችም። «ይርጋ! ይርጋዬ!» እያለች ገባች። ዋሻው ስሙን ደጋግሞ መለሰላት። አያ ተገኘና መምህር ችቦ ይዘው ወደ ውስጥ ዘለቁ። እኔና እናቴ የውሃው ድምፅ እስከሚጎላበት ድረስ ተከተልናቸው። ቆይተው ሲመለሱ የመምህር ልብስ እስከ ደረታቸው እርጥብ ነበር። መተላለፊያው ወደ ታች ወርዶ አንድ የውሃ መውረጃ ላይ ያበቃል አሉ፤ ጣራው ውሃው ላይ ተጭኖታል። ከዚያ ወዲያ ሰው አያልፍም። የእናቴ የነጠላ ቁራጭ ከውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተገኘ፤ በሶው ተበልቷል። ይርጋ የለም።

አያ ተገኘ ችቦውን ድንጋይ ላይ ደፍተው አጠፉት። «ውሃው የት ይሄዳል?» አሉ፤ ማንንም አልጠየቁም።

መምህር ግን መለሱ። የገባ ውሃ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት፤ የሚወጣበትን ካወቅን ልጁ በዚያ በኩል አልፎ እንደሆነ እንጠይቃለን አሉ። ገበሬዎቹ የጤፍ ጭድ በጆንያ ተሸክመው አምጥተው እዚያ ጨለማ ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ደፉ። ሰው በየምንጩ ቆመ። አንዱ ቀን አልፎ በሁለተኛው ቀን፣ ከሸንተረሩ ወዲያ ወደ እብናት በሚያወርደው ተዳፋት ላይ፣ ቆቅ ውሃ ከምትባለው ምንጭ ወርቅ የመሰለ ጭድ እየተንሳፈፈ መውጣት ጀመረ። ሰዉ እልል አለ። እናቴ ግን እልል አላለችም። ምንጩ የሚወጣበትን የድንጋይ ቀዳዳ ታየው ነበር። የእንስራ አፍ ያህል ነው።

በአካባቢው ያለውን ሰው ሁሉ ጠየቅን። ረጅም ልጅ ያየ የለም።

ክረምቱ ሲገባ ውሃው ከፍ አለ፤ ምንጩ ደፍርሶ መጮህ ጀመረ። በዚያ ወራት አንዲት እረኛ ልጅ ከቆቅ ውሃ በታች ሣር ላይ ያገኘችውን ጫማ ይዛ አያ ተገኘ ቤት መጣች። ጥቁር ኮንጎ፣ የግራ እግር። ማሰሪያው ላይ ያ የቀለጠ ጠባሳ አለ።

ያን ቀን ሁላችንም ነበርን። አያ ተገኘ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። መምህር አስናቀ ቆመው ነበር፤ ከንፈራቸው አመድ መሰለ፤ ቀስ ብለው በሩን ይዘው ወደ መሬት ወረዱ። «እኔ ነኝ» አሉ። «አለው ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እትዬ ስንዱ።»

እናቴ ጫማውን በቀሚሷ ጠረገችው። ስታለቅስ ለማየት እየፈራሁ ቀና ብዬ አየኋት። አላለቀሰችም።

«ምን ያስለቅስሃል?» አለቻቸው። እስከዚያ ቀን አንተ ብላቸው አታውቅም ነበር። «ጫማው ወጥቶ የለ? ጫማው ከወጣ እሱም ወጥቷል። አውልቆት ነው የሄደው። ወታደር ፈርቶ ርቆ ሄዷል እንጂ ልጄስ ወጥቷል። ተነሥ።»

ተነሡ። እናቴ ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸው።

ከዚያ ወዲያ እናቴ በዚህ ቃሏ ጸናች። ለቅሶ አልተቀመጠችም። ጥቁር አልለበሰችም፤ ፀጉሯን አልተላጨችም። ጦርነቱ አልፎ ደርግ ከወደቀ በኋላ የደብረ ታቦሩን ቤት ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘሀራ አደራ ብላ፣ እኔንም ለትምህርቴ ከእሷ ጋር ትታኝ፣ ቆቅ ውሃ አጠገብ ትንሽ ጎጆ አሠርታ ገባች። የምንጩን ዙሪያ ትጠርጋለች። ቅጠልና ገለባ ታነሣለች። ከብት እንዳይረግጠው በእሾህ አጥራዋለች። ሰው ከንፈሩን መጠጠ። «ልጇ በውሃ ቀዳዳ ይመጣልኛል ብላ ትጠብቃለች» ተባለ። ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች እናትሽ አበደች ይሉኝ ነበር።

እኔም አምኛት ነበር፤ ልጅ ነበርኩና። በበዓል ቀን ለይርጋ ብዬ ከድርሻዬ ዳቦ አስቀምጣለሁ። ሐሙሲት ገበያ ላይ አየነው የሚል ወሬ ተሰምቶ፣ እትዬ ዘሀራ ጨርቅ ልትሸጥ ስትሄድ ተከትያት፣ ከኋላ ያየሁትን ረጅም ወንድ ሁሉ ቀድሜ ዞሬ ፊቱን አይቻለሁ። ፉጨት ስሰማ መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ እቆም ነበር። ትራስ ላይ ጆሮዬን ሳደርግ ከምድር በታች የሚሄድ ሰው ይታየኛል፤ ባትሪው አልቆበት እየዳሰሰ፣ ግን እየሄደ። እውነቱ ቢነገረኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር ይሆናል። እንዲህ ግን ወንድሜ ለዓመታት በውስጤ ሲሄድ ኖረ።

መምህር አስናቀም ዝውውር አልጠየቁም፤ ሚስትም አላገቡም። ትምህርት ሲዘጋ ጉና ላይ ይወጣሉ። የዋሻውን ሁለተኛ አፍ ይፈልጋሉ። ተራራው ድሮ እሳተ ገሞራ እንደነበር የነገሩኝ ያኔ ነው፤ የቀለጠው ድንጋይ ቁልቁል ሲፈስ ላዩ ቀዝቅዞ ይረጋል፣ ውስጡ ግን እየፈሰሰ አልፎ ባዶ ቱቦ ትቶ ይሄዳል። «እፍ ዋሻ እንደዚያ ነው። ቱቦ ነው። ቱቦ መጨረሻ አለው» ይሉኝ ነበር። ዓይናቸው የሆነ ቦታ ቀርቶ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ጊዜ አብሬያቸው ወጣሁ። ብርዳማ ጠዋት ነበር። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የተራራ ተክሎች በአመዳይ ተሸፍነው እንደ ሰው ቆመዋል፤ ጉሙ በመካከላቸው ሲያልፍ የሚሄዱት እነሱ ይመስላሉ። ከዋሻው በላይ ራቅ ብሎ፣ በሣር የተሸፈነ አለት ሥር፣ ከመሬት እንፋሎት ሲወጣ አየን። መምህር ሮጡ። ተንበርክከው ሣሩን በእጃቸው ነጩት። ስንጥቅ ነበር። ለብ ያለ አየር ይወጣበታል፤ ያው የእርጥብ ድንጋይ ሽታ። መዳፋቸውን አስገቡ፤ አንጓቸው ላይ ሲደርስ አለቱ ያዛቸው። ከዚያ በላይ አልገባም።

እጃቸውን ሳያወጡ ብዙ ቆዩ። «አየሽ፣ አልተሳሳትኩም ነበር» አሉኝ። «ሌላ አፍ አለው። ለነፋስ የሚበቃ።» እንደዚያ ሲያለቅስ ያየሁት ትልቅ ሰው የለም፤ ድምፅ አልነበረውም።

ወደ ቆቅ ውሃ ወርደን ለእናቴ ነገሯት። እሷ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል «ያ ሌላ ነው» አለቻቸው። «ተራራው ስንት ስንጥቅ አለው። ትልቁን ገና አላገኘኸውም። በል ና እህል ቅመስ፤ ከስተሃል።» ቀረቡና በሉ። ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ወጡ።

እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ። እኔ ተምሬ ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ያዝኩ፤ አገባሁ። መምህር አስናቀ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ጉበታቸውን ታመው ሞቱ። ዘመዶቻቸው ሩቅ ስለነበሩ እናቴ እኔ ነኝ የምቀብረው አለች፤ በእሷው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ባሕር ዳር ሆኜ ስሰማ መጣሁ።

ስደርስ እናቴ ጥቁር ለብሳ ነበር። ፀጉሯን ተላጭታለች። አስከሬኑ ሊወርድ ሲል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሥራ ወደ ፊት ወጣችና ደረቷን እየመታች ማልቀስ ጀመረች። ሰዉ ለመምህሩ የምታለቅስ መስሎት ይቀበላት ነበር። ቆይቶ ዝም አለ። የምትጠራው ስም የእሳቸው ብቻ አልነበረምና። «ይርጋዬ! ጨለማ የዋጠህ! እናትህ ሳታለቅስልህ የቀረች! ይርጋዬ!» ያ ሁሉ ዓመት የታፈነ ለቅሶ በአንድ ቀን ወጣ። ሁለት ሴቶች ሊይዟት ሞክረው አልቻሏትም። እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ወንድሜ የሞተብኝ ያን ቀን ነው።

ከቀብር መልስ ሰው ሲበተን ምንጩ ዳር ተቀመጥን።

«እማዬ፣ ወጥቷል ትይ አልነበር?»

«ጫማውን ያየሁ ዕለት አውቄዋለሁ» አለች። «ቀዳዳውን አላየሽውም? በዚያ ሰው ይወጣል?»

«ታዲያ ለምን?»

«ሰውየውን አላየሽውም ያን ቀን? እኔ እዬዬ ብዬ መሬት ብወድቅ ገደል ይገባ ነበር። ያን ምሽት ሊገባም ነበር፤ ተገኘ ነው ሲጠብቀው ያደረ። አንዱን ልጅ ተራራው ወሰደብኝ። ሌላውን ደግሞ እኔ ልግደለው?»

«እኔስ?» አልኳት። «እኔ ስንት ዓመት ፈልጌዋለሁ።»

ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች። «አውቃለሁ» አለች። «ለአንቺ ብነግርሽ ፊትሽ ላይ ያነበው ነበር። አንቺ ታድጊያለሽ፣ ትረሻለሽ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።» ቀጥላ «እዚህ የምጠብቀው መስሎሽ ነበር?» አለችኝ። «መቃብሩ የት ነው ታዲያ? ሌላ የት ሄጄ ልቀመጥለት?»

ብዙም ሳትቆይ እሷም ሞተች። ከመምህር ጎን ነው የቀበርናት፤ እንደዚያ ብላለች።

አሁን ያ ሁሉ አልፏል። ባለፈው ዓመት ቆቅ ውሃ ሄጄ ነበር። የእናቴ ጎጆ የለችም። ምንጩ በሲሚንቶ ሣጥን ተዘግቷል፤ ቁልፍ አለው። ውሃው በቧንቧ ወርዶ መንገድ ዳር ቦኖ ሆኗል። ድሮ ያን አገር ስናስበው ሁሉ ነገሩ ክፍት ነበር፤ ሰማዩም፣ ዋሻውም፣ ምንጩም፤ ከየትኛው ምን እንደሚመጣብን አናውቅም። አሁን ምድሪቱ ከነምሥጢሯ ተሸፍናለች፤ ልጆች ቢጫ ጀሪካን ይዘው እየተጋፉ ይስቃሉ፤ አፈሳ የሚባል ቃል እንኳ ሰምተው አያውቁም ይሆናል። ደስ አለኝ። ደግሞ ከፋኝ። ይርጋን በዚያ ቦታ የሚያውቀው ከእኔ ሌላ ሰው አልቀረም ማለት ነው።

ወረፋ የያዘች አንዲት ወጣት እናት እንግዳ መሆኔን አይታ የማን ዘመድ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። እናቴ እዚህ ትኖር እንደነበር ነገርኳት።

«እንዴ፣ እትዬ ስንዱ ናቸው? ልጃቸውን በውሃው ይጠብቁ የነበሩት? እናቴ ስታወራ እሰማ ነበር።» ጀሪካኗን ወደ ፊት ገፋ አደረገችና «መጣ ወይ ታዲያ ልጃቸው?» አለችኝ።

«አልመጣም» አልኳት። «እዚሁ ተራራው ውስጥ ሞቷል። ይርጋ ነው ስሙ። ወንድሜ ነው።»

ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አዲስ ነበር። ከማንም ፊት እንዲህ ብዬ አላውቅም። ሴትዮዋ እጇን ሰድዳ ቧንቧውን ዘጋችው። ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ ያሉትም ሴቶች ምን እንደሆነ በሹክሹክታ ተጠያየቁና ጀሪካናቸውን አስቀምጠው አንድ በአንድ መጥተው ተቀመጡ።

«ነፍስ ይማር» አሉ። «እግዜር ያጥናሽ።»